ዓመት ያልሞላው ድንጋይ

ጋሽ ሙሄ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በስድስተኛው ቀን ነው። ልጃቸው ከአገራቸው ከደላንታ ደወለልኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ መጀመሪያ የሰማሁት «አባባ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር፤ ሁለተኛ ሲደውል ነው ነገሩን የጨረሰልኝ። «ሕመሙ ጊዜ አልሰጣቸውም። መንገዱም ዝግ ስለሆነ ትደርሻለሽ ብለን አላሰብንም» አለኝ። ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ እንኳ የእሳቸው ጭንቀት ነበር። ቢኖሩ ኖሮ «ብርቄ ብቻዋን ሆና ነው የነገርካት? አጠገቧ ሰው አለ ወይ ብለህ አትጠይቅም?» ብለው ልጃቸውን ይቆጡት ነበር።

ጭንቀታም ሰው ነበሩ። ለሐሜት አይደለም ይህን የምለው። ሰባት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል፤ ስለ እሳቸው ሌላ ነገር ከማውራቴ በፊት ይህን ካልተናገርኩ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ይሆናል።

ሱቆቻችን ላሊበላ፣ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነበሩ፤ የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። እኔ ነጠላና መስቀል እሸጣለሁ፤ እሳቸው ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ይሸጡ ነበር። ኦፓል የሚወጣው ከአገራቸው ከደላንታ ገደል ነው። ቀድሞ ራሳቸው ዋሻ ገብተው ቆፍረውታል፤ ወገባቸው እምቢ ሲል ወደ ንግዱ ዞሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆብ ከራሳቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። የቀኝ አውራ ጣታቸው ሌባ ጣታቸውን ሲያሽ ነው የሚውለው። ባዶ እጃቸውን ተቀምጠው እንኳ የማይታይ ድንጋይ የሚወለውሉ ይመስሉ ነበር።

ሌላው ነጋዴ ኦፓሉን ውሃ በሞላ ብልቃጥ ውስጥ አድርጎ ያሳያል። ጋሽ ሙሄ ይህን አይወዱም። «ውሃ ስንጥቅ ይሸፍናል» ይላሉ። «ከመሬት ሲወጣ ውሃ ጠጥቶ ነው የሚወጣ። ውሃው ሲለቀው ነው ጠባዩ የሚታወቅ። አንዳንዱ ይችለዋል፤ አንዳንዱ አንድ ቀን ጠቅ ይላል።» ስለዚህ አዲስ ድንጋይ ሲመጣላቸው አይሸጡትም። ጠርበውና አለስልሰው፣ የብር ማቀፊያ አልብሰው መስኮታቸው ላይ ይደረድሩታል። በእያንዳንዱ ሥር የገባበት ወር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት አለች። እዚያ ዓመት ይቀመጣል። በጋው ያደርቀዋል፣ ክረምቱ ያረጥበዋል። ዓመቱን ሳይሰነጠቅ ከጨረሰ ወደ ሳጥን ይገባል፤ ለሽያጭ የሚቀርበው ያ ነው። «ክረምትና በጋ ያላየ ድንጋይ አንገት ላይ አይወጣም» የሁልጊዜ ቃላቸው ነበር። ብሩን ለምን አስቀድመው እንደሚያለብሱት ስጠይቃቸው ደግሞ፣ «ራቁቱን የቻለውን ልብስ ሲለብስ ላይችለው ይችላል» አሉኝ።

ሱቁን በከፈትኩ በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ አንድ አስጎብኚ አንዲት የውጭ አገር ሴትዮ ይዞ ወደ እሳቸው ገባ። ሴትዮዋ አንድ ሐብል አንሥታ አንገቷ ላይ ለካች፣ በመስታወት አየች፣ ወደደችው።

«ዋና ትዋኛለች ወይ በላት» አሉ ጋሽ ሙሄ።

አስጎብኚው ሳቀ። «ምን አገባዎት ጋሼ? ትዋኝ አትዋኝ!»

«ጠይቃት።»

ጠየቃት። ሴትዮዋ ደስ ብሏት በየቀኑ ጠዋት ጠዋት እንደምትዋኝ ነገረችው። ጋሽ ሙሄ ሐብሉን በትሕትና ከእጇ ወሰዱት። «ውሃ ይገባበታል። መልኩን ያጠፋል፣ ይመለሳል፤ ያጠፋል፣ ይመለሳል። አንድ ቀን አይመለስም። ያኔ እኔን ነው የምትረግም። በላት፣ ሌላ ዓይነት ድንጋይ ትፈልግ።» አስጎብኚው እያጉረመረመ ይዟት ወጣ፤ ከዚያ በኋላ እንግዳ ወደ ጋሽ ሙሄ ሱቅ አላመጣም። እኔ በልቤ ሞኝ ናቸው አልኩ። ማታ ሲዘጉ ግን ወደ እኔ ብቅ ብለው፣ «ብርቄ፣ ከሌላ ሱቅ ትገዛው ይሆን?» ሲሉኝ ፊታቸው ላይ ያየሁት ስጋት ስለቀረባቸው ገበያ አልነበረም። ስለ ሴትዮዋ አንገት ነበር።

እንግዲህ የማልረሳው ነገር የመጣው በኔው ጥፋት ነው።

ክፉው የጦርነት ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ እንግዳ እንደ ድሮው ሳይመለስ፣ ጋሽ ሙሄ በሆሳዕና ሰሞን ድንጋይ ሊያመጡ ወደ ደላንታ ሄዱ። ሱቃቸውን ለእኔ አደራ ሰጡኝ። «ሳጥን ውስጥ ያለውን ሽጪ። መስኮቱ ላይ ያለውን ግን ሰው ቢለምንሽም፣ ቢቆጣሽም እንዳትነኪ።» መንገድ ከጀመሩ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሰው ይህንኑ ነገሩኝ። እኔም ሁለቱንም ጊዜ በትዕግሥት «እሺ» አልኩ።

ቅዳሜ ገበያ ቀን አያ ደምሌ የሚባሉ ገበሬ ከባለቤታቸው ከእትዬ ጥሩ ጋር መጡ። ከብልባላ በላይ ካለ መንደር ናቸው። ወንድ ልጃቸውን ለዳግማይ ትንሣኤ ሊድሩ ነው፤ ለሙሽሪት ጥሎሽ የሚሆን ሐብል ፈልገዋል።

«ከአያቴ ለእናቴ፣ ከእናቴ ለሚስቴ የወረደ የብር ድሪ ነበረን» አሉኝ አያ ደምሌ። «በዚያ ክፉ ጊዜ ለእህል ሸጥነው። አሁን ልጄን ስድር ሙሽራ ቤት ባዶ እጄን ልገባ ነው? ቆይቶ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነገር ስጭኝ። የአገራችን ድንጋይ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

ሱቁ የጎረቤቴ የጋሽ ሙሄ መሆኑን ነግሬ ሳጥኑን ከፈትኩላቸው። ዓመታቸውን የጨረሱት ድንጋዮች ብዙዎቹ ጸጥ ያሉ ናቸው፤ ወተት መልክ፣ ጉም መልክ። አያ ደምሌ ላለማስቀየም አንድ በአንድ አዩአቸው። እትዬ ጥሩ አንዱን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። በዚህ መሐል ፀሐይ መስኮቱ ላይ አረፈችና ከተደረደሩት አራተኛው ተንቀለቀለ። ቀይና አረንጓዴ እሳት ውስጡ ይሯሯጣል።

«ያስ?» አሉ አያ ደምሌ።

«እሱ… ገና ነው።»

«ምኑ ነው ገና? ተሠርቶ አልቆ የለም እንዴ!»

እዚህ ላይ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ግን ሽማግሌው ድንጋዩን ከመስኮቱ አንሥተው በሁለት መዳፋቸው ታቅፈው የጠፋ ልጃቸውን ያገኙ ያህል ፊታቸው በራ። ያን ፊት ማጥፋት አቃተኝ። ደግሞም እውነቱን ልናገርና፣ የጋሽ ሙሄ ፍርሃት ከልክ ያለፈ ይመስለኝ ነበር። ግራና ቀኙን ትንንሽ ዶቃ አድርጌ በክር ሰክቼ ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ። 

ጋሽ ሙሄ የመጡት ከፋሲካ በኋላ ሐሙስ ዕለት ነው። ገና ዕቃቸውን ሳያወርዱ ወደ መስኮቱ ሄዱ።

«ብርቄ፣ አራተኛው የታለ?»

ነገርኳቸው። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቷን አነሡና፣ «ሦስት ወሩ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሦስት። ክረምት አላየም።» ከዚያ ቁጭ አሉ። «መቼ ነው ሠርጉ?»

«ለእሑድ።»

«ሰው ፊት ነው የሚከፈት፣ አይደል? ጥሎሽ?»

«አዎ። ሽማግሌ ፊት።»

ቅዳሜ ማለዳ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ተሳላሚ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍረን ብልባላ ወረድን። ጋሽ ሙሄ በደረት ኪሳቸው፣ ሁለት ክረምት ያሳለፈ አንድ ጉም መልክ ድንጋይ ከነሐብሉ ይዘዋል፤ መኪናው በነጠረ ቁጥር እጃቸውን እዚያ ላይ ያደርጋሉ። ከብልባላ በኋላ ያለውን በእግር ስንሄድ ነው፣ ሳልጠይቃቸው፣ ይህን የነገሩኝ።

«ቁፋሮ እንደጀመርኩ ነው። ከዋሻ ባወጣሁ ዕለት፣ እርጥቡን፣ አንድ ድንጋይ ለአንድ ሰው ሸጥኩ። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለት ነው የገዛላት። በወሩ መጣ። ገንዘቤን መልስ አላለኝም። ሁለት ቦታ የሆነውን ድንጋይ እጄ ላይ አስቀመጠና፣ ‹እናቴ ክፉ ገድ ነው አለቻት፤ ሚስቴ ማልቀስ ከጀመረች ሳምንቷ ነው› አለኝ፤ ሄደ። ስሙን እንኳ አላውቅም። ልጁ ይደግ ይሙት አላውቅም።» ከዚያ፣ «ሲሰነጠቅ ድምፅ አለው እኮ። ጣት ሲንጣጣ እንደሚሰማው ነው። ጠቅ» አሉ።

ከዚያ በኋላ መንገዱን በሙሉ ያን ድምፅ እየሰማሁ ሄድኩ። ከእግሬ ሥር ጭራሮ ሲሰበር እደነግጣለሁ። ድንጋዩ ተሰንጥቆ ቢሆንስ? ልጅቷን ገደ ቢስ ቢሏትስ? የገዛ ዓይኔ እያየ፣ አንድ ቃል ባለመናገሬ!

ግቢው ሰው በሰው ነበር። ዳሱ ተተክሎ ወንዶች ቅጠል ይጥሉበታል። አያ ደምሌ ከሩቅ ሲያዩን እጃቸውን ዘረጉ፤ «የድንጋዩ ባለቤት መጡ! እንግዶቼ ናቸው፣ ቦታ ልቀቁ!» ብለው መሐል አስቀመጡን። እትዬ ጥሩ ለጋሽ ሙሄ ያልፈላ ብርዝ አቀረቡ፤ «ሥጋውም ለአንቱ የሚሆነው ለብቻ አለ፤ የእናንተው ሰው ነው ያረደው» አሏቸው። ጋሽ ሙሄ አመስግነው ብርጭቆውን ያዙ። አልጠጡትም።

ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ጮክ ብለን ከተናገርን ክፉ ገድ ነው ይላሉ። ዝም ብለን ነገ ቢሰነጠቅም ገድ ነው ይላሉ። ምን ይሻለናል?»

ተነሥቼ እትዬ ጥሩን በጆሯቸው ለመንኳቸው። ባላቸውን ጠርተው ሁላችንንም ወደ ጓዳ አስገቡንና በሩን ገርበብ አደረጉ። ከሣጥን ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን አወጡ። ጨርቁን ሲፈቱት ማየት አልቻልኩም፤ ግድግዳውን አየሁ።

«ምንም የለውም» ሲሉ ሰማሁ ጋሽ ሙሄ።

ዞርኩ። እውነትም ምንም የለውም። በበሩ ስንጥቅ በገባው ብርሃን እንኳ ይንቀለቀላል። ከመደቡ ላይ ተቀመጥኩ። አበቃ፣ ተረፍን አልኩ። ጋሽ ሙሄ ግን ገለበጡት፣ ጀርባውን በጥፍራቸው ዳሰሱት፣ ወደ ብርሃኑ አስጠጉት፣ አራቁት። ከዚያ ያንን ጉም መልኩን ከኪሳቸው አውጥተው አጠገቡ አስቀመጡት።

የአያ ደምሌ ፊት ወረደ። «ይኼኛው ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም።»

«ታዲያ?»

«ዓመት አልሞላውም። መቶ ዓመት ሊኖር ይችላል። ነገ ጥሎሹ ሲከፈት ሰው ፊት ሊሰነጠቅ ይችላል። አላውቅም አያ ደምሌ። ባውቅ ይህን ሁሉ መንገድ አልመጣም።»

አያ ደምሌ ወደ እኔ ዞሩ። ከላሊበላ ጀምሮ የፈራሁት ይህን ነበር። «አንቺ ስትሰጭኝ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ሲልዎት አይቼ ነው» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የኔ ነው» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ያልደረሰ ዕቃ መሸጫ ቤት አስቀምጬ የሄድኩ እኔ ነኝ።»

 እትዬ ጥሩ ሁለቱን ድንጋዮች አነሡና በግራና በቀኝ መዳፋቸው ያዟቸው። «አንቱ ለልጅዎ ቢሆን የትኛውን ያደርጉላት ነበር?»

ጋሽ ሙሄ አላመነቱም። «ይኼን» ብለው ደብዛዛውን ጠቆሙ።

«በቃ።» እትዬ ጥሩ ደብዛዛውን በነጩ ጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ከተቱ፤ የሚንቀለቀለውን ለጋሽ ሙሄ መለሱላቸው። «ነገሩ ከዚህ ጓዳ አይውጣ» አሉ፣ በተለይ ወደ ባላቸው እያዩ።  አያ ደምሌ ስንወጣ አልሸኙንም።

ያ ድንጋይ ወደ መስኮቱ ተመለሰ፤ ወረቀቷም ወሩ እንደ አዲስ ተጽፎባት ሥሩ ገባች። ከዚያ የተከተለውን ዓመት እንዴት እንዳሳለፍነው ለሌላ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ጋሽ ሙሄ ጠዋት ሱቅ ሲከፍቱ ቢስሚላሂ ብለው መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ፀሐይ የጣራውን ቆርቆሮ አሙቃ ጠቅ ስታደርገው ሁለታችንም ከየሱቃችን ብድግ እንላለን። ክረምት ገባ፣ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፣ ድንጋዩ ትንሽ ደበዘዘ፤ መስከረም ሲጠባ ነደደ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲሰነጠቅ የምመኝባቸው ቀናት ነበሩ። ቢሰነጠቅ ልክ ነበርን ማለት ነው። ካልተሰነጠቀ ግን የሙሽሪትን ጌጥ በከንቱ ቀማናት።

ይህን የማስበው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሙሄ የሱቄ በር ላይ ቆመው፣ «ብርቄ፣ እንዲሰነጠቅ ነው ወይስ እንዳይሰነጠቅ ነው ዱዓ የማደርግ?» አሉኝ።  መልሴን ሳይጠብቁ ተመልሰው ሄደው ድንጋዩ ፊት ተቀመጡ።

አልተሰነጠቀም። ወደ መስኮቱ ከተመለሰ ዓመት በሞላው ማግስት ጋሽ ሙሄ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ወደ እኔ መጡ።

«ተነሽ እንሂድ።»

«ወዴት?»

«ብልባላ። የሰው ዕቃ ዓመት ሙሉ ይዣለሁ።»

ሙሽሪትን ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየናት። ትርንጎ ትባላለች። አማቶቿ እርሻ ወርደው ብቻዋን ነበረች፤ ሦስት ወር ያልሞላት ሴት ልጅ ታቅፋለች። ጉም መልኩ ድንጋይ አንገቷ ላይ ነው። ጋሽ ሙሄ ማን እንደሆኑ ነገሯትና ሌላውን ድንጋይ አውጥተው በመዳፋቸው ዘረጉላት። «ፈራሁት፤ ልክ አልነበርኩም። ዓመት ቆይቶ ምንም አልሆነም። ያንቺ ነው» አሏት።

ትርንጎ ድንጋዩን ብዙ አየችው። ከዚያ፣ ሳትቆጣ፣ ትናንት የሆነ ነገር እንደሚያወራ ሰው፣ «ጥሎሹ ሲከፈት ሴቶቹ ሳቁ» አለች። «አክስቴ ‹ድሪ ያጣ ሰው የወንዝ ጠጠር ይሰጣል እንዴ?› አለች። ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። አባባ ደምሌም እዚያው ቆመው ነበር፣ አንድ ቃል አልመለሱም።»

የጋሽ ሙሄ አውራ ጣት ቆመ። በሰባት ዓመት ውስጥ ያቺ ጣት ስትቆም ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ልጄ፣ በድዬሻለሁ» አሉ።

«ኧረ ይተዉት ጋሼ። እማማ ጥሩ በኋላ ነገሩኝ። አንድ ሰው ለማያውቃት ሙሽራ ሲል ከላሊበላ ድረስ ተጨንቆ መጣ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሲስቁ እኔም እስቃለሁ።» ልጇን ለእኔ አቀበለችኝና የሚንቀለቀለውን ሐብል አሰረችው። ያንን ደብዛዛውን አላወለቀችም። «ይኼን ደግሞ ለምጄዋለሁ። የትኛው ነው የሚቆይ?»

«ሁለቱም፣ ኢንሻ አላህ» አሉ ጋሽ ሙሄ። ከኋላው «ግን» ሳይጨምሩበት ቀሩ።

አብረን የሄድነው የመጨረሻ መንገድ ያ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አምስት ወር እንኳ አልቆዩም። ያን ቀን ግን ደኅና ነበሩ፤ ቁልቁለቱን ከእኔ ቀድመው ይወርዱ ነበር። ብልባላ ልንደርስ ስንል ድንገት ቀጥ አሉ።

«ብርቄ! ሕፃኗ!»

«ምን ሆነች?»

«እጇን አላየሽም? ትጎትተዋለች እኮ! ክሩ ነጠላ ነው።»

«ጋሼ፣ የሦስት ወር ልጅ ናት።»

«ስድስት ወር ይሆናታል፤ ዓመት ይሆናታል!» አሉና ወደ መጣንበት ዞሩ። ዳገቱን፣ በዚያ ወገባቸው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ሲወጡ አየኋቸው። አልተከተልኩም። አንድ ቋጥኝ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ፀሐይ ወደ ማዶው ተራራ አዘንብላ ነበር፤ መኪናው ያመልጠናል ብዬ ሰጋሁ፣ እንደ ፈራሁትም አመለጠን።

ሲመለሱ ላባቸው ይንጠባጠባል።

«በድርብ አሰርኩት» አሉ። «ለሕፃኗም ሰጠኋት፣ በደንብ ጎተተችው።»

«እሺ?»

«አልበጠስ ቢላት ጊዜ አለቀሰች።»

ከዚያ ሳቁ። ቆመው፣ ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ የታመሙ መስሎኝ ክንዳቸውን ያዝኩ።